መልስ

ማታ አምስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ በድንገት፤
ባጋስ ነው የደወለው፣ ከሰማራንግ ወደብ፣ ከትኬት ቤት።
«ረትኖ፣ ያ ቅጽሽ ስም መዋጥ ጀምሯል፤
አንዲት አሮጊት መስኮቱን ይዛለች፣ ሰልፉ ተቆልሏል።»

ስሟ ቱኪነም ነው። አለቀ። ሌላ የላት፤
የቤተሰብ ስም የሚባል ማንም አልሰጣት።
በጃቫ እንዲህ ነው፤ ብዙ ሰው ባንድ ቃል ይወለዳል፣
ባንድ ቃል ያገባል፣ ባንድ ቃል ይወቀሳል፣ ባንድ ቃል ይቀበራል።
ቅጹን የሠሩት ግን፣ ሩቅ አገር ሆነው፣
ሰው ሁሉ ባለሁለት ስም ነው የመሰላቸው።

ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ደንብ ጻፍኩ በገዛ እጄ፣
ከማዕቀፉ ደንቦች ጎን አስጠግቼ፦
«ስሙ አንድ ከሆነ አትጩህ፣ አሳልፍ።»
ሙከራው አረንጓዴ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ፣ ላርፍ።

አሁን ግን ትኬቷ ላይ፣ ስም በሚገባበት፣
ምንም የለም። ነጭ ወረቀት።
ዘበኛው «ስም የሌለው አይሳፈርም» ይላል፤
መርከቡ ለካሪሙንጃዋ ጎህ ሲቀድ ይነሳል።
ልጇ ወልዳለች እዚያ፤ አሮጊቷ በዘንቢል
የዘንባባ ስኳር ይዛለች፣ ጥቂት ዝንጅብል።

ባጋስ በዘዴው ስሟን ሁለት ጊዜ ጻፈው፤
«ቱኪነም ቱኪነም»። ማሽኑ ወደደው፣ አሳለፈው።
እሷ ግን ትኬቱን አየችና ገፋችለት፦
«ይቺ ሁለተኛዋ ማን ናት?
እኔ አንድ ነኝ። እሷ ከመጣች የራሷን ትክፈል።»
ሰልፉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ቆመች ፍንክች ሳትል።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ከውጭ የባሕር ውሃ፣ ወሩን ጠብቆ የሚመጣ፣
ደጃፌን ይልሳል። እንሽላሊት ግድግዳዬ ላይ ወጣ።

መጀመሪያ ጠረጠርኩ፦ ደንቤ አልተጠራ ይሆናል።
«እዚህ ደረስኩ» የሚል አስገባሁበት፤ መዝገቡም «እዚህ ደረስኩ» ይላል።
እንግዲያ ክፍት ቦታ ይሆን ስሟን ያጋደለው?
ፊትና ኋላውን ላጨሁት። ምንም የለው።
ማዕቀፉን ሰደብኩ፣ ያዘመኑትንም፣ ያላዘመኑትንም፤
ስድብ ግን እስካሁን አንድም ስህተት አላረመም።

ከዚያ ሁለት መስመር አተምኩ፣ የሚገባውንና የሚወጣውን።
ገባ፦ ቱኪነም።
ወጣ፦ ባዶ።

ያኔ ነው ያየሁት። ባለሁለት ስም ሲመጣ
ደንቤ መርምሮ ይመልሳል። ባለአንዷን ግን፣
በዚያች እኔ በጨመርኳት ቅርንጫፍ፣
ይቀበላል፣ ይመዝናል፣ «ደህና ነው፣ እለፊ» ይላል፤
መታወቂያዋን ኪሱ ይከታል።
አይጮህም፣ አይከለክልም፤ ደግ ዘበኛ ይመስላል።
ሙከራዬም የጠየቀው «ጮኸ ወይ?» ብቻ ነበር፤
«ምን መለሰ?» ብሎ አልጠየቀም።

የጎደለችው አንዲት ቃል ናት፦ መልስ።
ባጋስ በየትኬቱ ሳንቲም ሳያጎድል የሚሰጠው፣
እኔ የስሟን የረሳሁት።

ጻፍኳት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ባጋስ ደግሞ ሞከረ፤
ማተሚያው አጉረመረመ፣ ነጩ ላይ ስሟ ሰፈረ፣
አንዴ። «አነበበችው?» አልኩት።
«ማንበብ አትችልም፤ ቅርጹን ታውቀዋለች።
በጣቷ ለካችው፣ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተች።»

ልተኛ ነበር። እጄ ግን መዝገቡን ገለበጠ፣
ካለፈው ማክሰኞ ጀምሮ።
ሠላሳ አንድ ረድፍ። ስም፦ ባዶ። ስም፦ ባዶ።
ሌላ ዘበኛ በነበረበት ቀን ያለፉ፣
የመቀመጫ ቁጥር ያላቸው፣ ሻንጣቸው የተመዘነ
ሠላሳ አንድ ሰዎች
በኔ ደንብ ባሕር ተሻግረዋል።

ባሕሩ ሳምንቱን ሙሉ ጸጥ ብሎ ነበር።
ጸጥ ባይልስ? ማን ብለው ሊጠሯቸው ነበር?

ውሃው ከደጄ ሸሸ፣ ጭቃውን ትቶ።
ሲነጋጋ ስልክ ቁጥራቸውን አወጣሁ፣ መደወል ጀመርኩ።
«ይቅርታ፣ በማለዳ ነው፤ ስምዎን ፈልጌ ነበር።»
«አንድ ብቻ ነው ያለኝ» አለ የመጀመሪያው፣ ጥፋት እንደሠራ ሰው።
«ብዕር ይዣለሁ» አልኩት። «ፊደል በፊደል ይንገሩኝ።»